ከጥሪ የተመለሰ ቦት ጫማ፤ በረኪና ውስጥ መንከር ይበቃል? (ባሕር ዳር)

ጣና_ዳር_አምቡላንስ | ማክሰኞ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። የማነሳው ጉዳይ ለሌላው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት በዘንዘልማ መስመር የመኪና አደጋ ደርሶ ተጠርተን ነበር። ዝናብ ስለነበር ቦታው ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ናፍጣ ፈሷል፣ ናፍጣው ላይ ደግሞ ደም። ቁስለኞቹን ሆስፒታል አድርሰን ስንመለስ ሊነጋ ነው። እንደ ልማዴ ባልዲ ላይ በረኪና ደፋ አድርጌ፣ ውሃ ሞልቼ፣ የቆዳ ቦት ጫማዬን እንዳለ ነከርኩትና ተኛሁ። ከሰዓት ስነሳ ቆዳው ነጭ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ጣት በሚታጠፍበት በኩል ተሰነጣጥቋል፤ የማሰሪያው ቀለበቶች ዝገዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሶሉን ገልብጬ በስንጥር ጫር ጫር ሳደርገው ከጥርሱ መሃል የወጣው ጭቃ ውስጡ አሁንም ቀይ ነው። ግማሽ ቀን ተነክሮ የዋለ ጫማ የሚጸዳ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ በሌላ ቀን ቤቴ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የዘጠኝ ወር ልጄ ዳዴ እያለች መጥታ የጫማውን አፍንጫ ያዘች። እስካነሳት ድረስ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታለች። ወዲያው አጠብኳት፣ ምንም አልሆነችም፤ ነገር ግን ያን ጫማ ለብሼ ቀኑን ምን ላይ ስቆም እንደዋልኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

የምሠራበት ቦታ መኪና የሚታጠብበት ጎማ እንጂ ጫማ ማጠቢያ የሚባል ነገር የለውም። በረኪናው ስንት በስንት ነው የሚበጠበጠው? ቆዳና የጎማ ቦቲ አንድ ዓይነት ነው የሚጸዱት? የምታውቁ አስተምሩኝ።

አባይ_ማዶ | ማክሰኞ ማታ 4:05

ወንድሜ፣ ቀላሉ መንገድ ግቢው በር ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ገንዳ ማስቀመጥ ነው። ሁሉም ሲገባ ረግጦት ያልፋል። የአተት ጊዜ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ።

ሲስተር_ዘጌ | ማክሰኞ ማታ 4:50

ወንድምዓለም፣ በመጀመሪያ ልጅህ እንኳን ደህና ሆነች። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካየህባት ግን ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ውሰዳት።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት የሠራሁት ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ነው። አንተ የሠራኸውን ስህተት ብዙ ባለሙያ ሲሠራው አይቻለሁ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ጀርሙን ከጭቃው ለይቶ አይመታም። ደም፣ ዓይነ ምድር፣ ጭቃ፣ ሣር፣ የነካውን ሁሉ ሲያቃጥል ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ለጀርሙ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ከጥርሱ ሥር የተጠቀጠቀው ዘንድ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መታጠብ፣ መለቅለቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው በረኪና። ያልታጠበ ጫማ በረኪና ውስጥ አድሯል ማለት ጸድቷል ማለት አይደለም።

አሠራሩን ልንገርህ። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የላስቲክ ሽርጥ ልበስ። የጫማውን ማሰሪያና የውስጥ ሶሉን አውጣ፤ እነሱ ለብቻቸው ይታጠባሉ፤ ደም የጠገበ የውስጥ ሶል ግን ይጣል እንጂ አይታጠብ። ቀጥሎ ሶሉን ገልብጠህ በስንጥር እያንዳንዱን መስመር ፈልቅቅ፤ የሚወጣውን በፌስታል ሰብስበው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በኦሞ ወይም በላርጎ ቦርሽ። ሙቅ ውሃ ደምን ያረጋዋል፤ ከረጋ ደግሞ አይለቅም። ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፣ ሶሉ መጨረሻ ይሁን፤ ከታች ከጀመርክ የሶሉን ቆሻሻ ወደ ላይ ታወጣዋለህ። ብሩሹ ውሃው ውስጥ እንደገባ ፈትግ እንጂ በአየር ላይ አትፈትግ፤ ፍንጣሪው ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። የመኪና ማጠቢያውን የውሃ ጎማም ጠበቅ አድርገህ አትርጨው፣ በዝግታ ይውረድ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቅልቅ።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ፣ ጫማው የጎማ ቦቲ ከሆነና ደም ወይም ተቅማጥ ነክቶት ከነበረ፣ 0.5 በመቶ የተበጠበጠ በረኪና ቀባው፤ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፤ ከደረቀ ድገመው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥበህ ጥላ ላይ ገልብጠህ አድርቀው። ተራ ጭቃ ብቻ ከሆነ ሳሙናና ውሃ ይበቃል፤ በረኪናውን ለሚያስፈልገው ቀን አቆየው።

አባይ ማዶ፣ የገንዳው ነገር ለብቻው ሲሆን ያሳስበኛል። ክረምት ላይ ጠዋት 1 ሰዓት የተሞላ ገንዳ ሃያ ሰው ጭቃውን ይዞ ከረገጠው በኋላ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፤ ቡና ይመስላል። እዚያ ውስጥ የሚሠራ ክሎሪን አልተረፈም። ሰው ግን ረግጦ ሲያልፍ የጸዳ ይመስለዋል። ገንዳ ካለ ከፊቱ ብሩሽና የሳሙና ውሃ ይኑር፣ በቆሸሸ ቁጥርም ይቀየር።

ላብ_ሰው | ማክሰኞ ማታ 5:15

በሲስተር ላይ የበረኪናውን ስሌት ልጨምር። የያዝከውን በመቶኛ ለምትፈልገው በመቶኛ ታካፍላለህ፣ ከዚያ አንድ ትቀንሳለህ፤ የሚወጣው የውሃው እጅ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ አንድ ሲቀነስ 9። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። 4 በመቶ የሚል ከሆነ ሰባት እጅ ውሃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ሳታነብ አትበጥብጥ። መለኪያ ከሌለህ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፤ አንድ ሃይላንድ በረኪና፣ ዘጠኝ ሃይላንድ ውሃ፣ አሥር ሊትር ሆነልህ። ያ ሃይላንድ ላይ በማርከር ጻፍበትና ዳግመኛ ውሃ አይጠጣበት።

የተበጠበጠው ለዕለቱ ብቻ ነው። የእኛ ከተማ ፀሐይ ክሎሪንን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ጥላ ላይ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው። መስኮት ላይ ወራት የከረመ በረኪናም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ኃይል የለውም።

በዱቄት የሚመጣው ባለ 70 በመቶ ክሎሪን ከሆነ ያላችሁ፣ በአንድ ሊትር 7 ግራም ነው፤ ለአሥር ሊትር 70 ግራም። ይህን ዱቄት ግን ናፍጣ፣ ዘይትና ጨርቅ ካለበት ጋራዥ አርቁት። ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ራሱን ችሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ዱቄቱ ላይ አይፈስም።

የሽምብጥ_ጫማ_ሰፊ | ረቡዕ ጠዋት 2:20

የአምቡላንሱ ልጅ፣ ስለ ቆዳው እኔ ልናገር፣ ሥራዬ ነው። ቆዳን ለስላሳ አድርጎ የሚያቆየው በውስጡ ያለው ቅባት ነው። በረኪና ቅባቱን ይበላዋል፣ ክሩን ያሻክረዋል፣ ማስቲሹን ያላቅቀዋል። የተሰነጠቀውን እኔ ልሰፋው እችላለሁ፤ ቆዳው ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። በተሰነጠቀው በኩል ደግሞ ደሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ለአምቡላንስ ሥራ ያ ጫማ አልቋል።

የቆዳ ቦት በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት የሳሙና አረፋ ይጠረጋል፤ አይነከርም። በስፌቱ ዙሪያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀም። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። ከሰል ምድጃ አጠገብና ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታድርቀው፤ እዚህ የሚመጣልኝ የተሰነጠቀ ጫማ ግማሹ ምድጃ ዳር የደረቀ ነው። ፍጹም ሲደርቅ ቅባት ወይም ቀለም ቀባው። እርጥብ እያለ ቀለም የተቀባ ቆዳ ውስጡ ይሻግታል።

ሲስተር_ዘጌ | ረቡዕ ጠዋት 3:00

ጫማ ሰፊው እውነታቸውን ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ቆዳ ላይ ጥቂት ደም ከነካ በሳሙና ከተጠረገ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ማበስ ይቻላል፤ አልኮልም ያደርቀዋልና ቅባቱ እንዳይረሳ። ደሙ ወደ ስፌቱና ወደ ገበሩ ከዘለቀ ግን ይጣል። ወንድሜ፣ ደም ወይም ተቅማጥ እንዳለ ወደምታውቅበት ጥሪ ስትሄድ የጎማ ቦቲህን ነው መልበስ ያለብህ። ቆዳው ለደረቅ ቀን ይሁን።

የዘንዘልማ_እናት | ረቡዕ ቀትር 6:30

እኔ የምጽፈው ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ የአደጋ ሥራ ላይ ነው። ጫማውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ በባዶ እጄ፣ የልጆቹን ልብስ በማጥብበት ሳፋ። ይህን ሳነብ እጄን አየሁት፤ ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጠኝ ገና አልዳነም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ይጸዳል ብዬ በረኪናው ላይ ለሽንት ቤት የሚሆነውን አሲድ ጨመርኩበት። ቢጫ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሳ፤ ጉሮሮዬን አነቀኝ፣ ዓይኔ አነባ፣ ጎረቤቴ ጎትታ ባታወጣኝ በሩን አላገኘውም ነበር። ለሦስት ቀን ሳልኩ። እባካችሁ ይህን ለሚስቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሩ።

እናቴ ደግሞ በእንዶድ እጠቢው ትለኛለች። እንዶድ ይሆናል?

ሲስተር_ዘጌ | ረቡዕ ከሰዓት 8:10

እታለም፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። የተነሳው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃና ከሽንት ጋርም አይቀላቀልም። ሽንት የነካው ጫማ በረኪና ከመንካቱ በፊት በደንብ መለቅለቅ ያለበት ለዚህ ጭምር ነው። ሁልጊዜ ደጅ ላይ፣ ነፋስ ባለበት አድርጊው።

ቤት ውስጥ መታጠቡ ራሱ መቅረት አለበት። ጫማው ከሥራ ቦታ መውጣት የለበትም። ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ግን ሳፋውን ለዩት፣ ጓንት ግዢ፣ ባለቤትሽም ጫማውን ራሱ ይጠበው። ምን ላይ እንደቆመበት የሚያውቀው እሱ ነው።

እንዶድ ጥሩ ሳሙና ነው፤ አረፋው ቅባትና ጭቃ ያነሳል፣ እናትሽ ትክክል ናቸው። ለመታጠቡ ይሆናል፤ ጀርም ለመግደሉ ግን በረኪናን አይተካም። አረፋውን ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትድፊው፤ ዓሣ ይገድላል።

ላብ_ሰው | ረቡዕ ከሰዓት 8:45

ስለ እንዶድ ካነሳችሁ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡ ሴቶች በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ተሸካሚ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለውበታል። ይህን ያነሳሁት ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ለሚቆሙት ቢልሃርዚያ የሩቅ ወሬ ስላልሆነ ነው።

የፎገራ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 2:30

የእኛን ወገን ደግሞ ስሙልን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ጣና ዳር ያሉት ፎገራና ደምቢያ በውሃ ሲዋጡ ልጅ ነበርኩ። አሁን በየክረምቱ ሰው በጀልባና በእግር ከሚያወጡት አንዱ ነኝ፤ በበጋው ደግሞ የሐይቁን እምቦጭ አረም እንነቅላለን።

የጎርፍ ውሃ ጭቃ ብቻ አይደለም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ ገብቶበታል፣ የሞተ ከብት ተኝቶበታል። ቦቲው ጉልበት ድረስ ነው፣ ውሃው ጭን ድረስ ይመጣል፤ ከላይ ሞልቶ ይገባል። አንዴ ከገባ ቦቲው እግርህን ከዚያው ውሃ ጋር ይዞልህ ይውላል። የቢልሃርዚያ ትል ቆዳ በስቶ ይገባልና እግሬ አልቆሰለም ብሎ ማለፍ አይቻልም። እኛ ውሃው በገባ ቁጥር ደረቅ መሬት ላይ ወጥተን ቦቲውን ደፍተን፣ እግራችንን በንጹሕ ውሃ ታጥበን፣ ካልሲ ቀይረን እንመለሳለን። ከክረምቱ ሁለት ወር ያህል ቆይተንም እንመረመራለን፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት አለው።

ሌላው እምቦጩ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ ከቦቲ ጥርስ ሥር ካለው ጭቃ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ደምቢያ የዋለ ቦቲ ሳይጸዳ ባሕር ዳር መጥቶ ዳር ላይ ቢታጠብ ዘሩን በእጃችን ዘራነው ማለት ነው። ስለዚህ እዚያው ከውሃው ርቀን ደረቅ ሜዳ ላይ እንፈለቅቃለን፣ ሥሩንና ቅጠሉን ለቅመን እናደርቃለን፣ ቦቲውንም ፍጹም ሳይደርቅ ወደ ሌላ ውሃ አናስገባውም። የታጠብንበትን በረኪናም ወደ ሐይቁ አናፈስም። በጣና ካሉት የዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አይገኙም፤ ክሎሪን ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው።

እሳትና_ውሃ | ሐሙስ ጠዋት 1:50

እኔ እሳት አደጋ ላይ ነኝ። ስንጀምር የጠቆረ ቦት የሠራ ሰው ምልክት ነበር፤ የነጣውን ለብሶ የሚመጣውን አዲስ ነው እንለው ነበር። ዛሬ ያ ጥቀርሻ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አጥፊነትን ሥራ ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያ ምድብ አስገብቶታል። ፕላስቲክ፣ ፍራሽ፣ ጎማ ሲቃጠል የሚወጣው ሁሉ ጥቀርሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጫማህን ስትነካ ወደ እጅህ፣ ከእጅህ ወደ እንጀራህ።

ለዚህኛው በረኪና ምንም አያደርግም። ጥቀርሻ ጀርም አይደለም፤ የሚወገደው በሳሙና ውሃ ብቻ ነው። የመከላከያ ልብሳችንን ጨርቅ ደግሞ ክሎሪን ያደክመዋል፤ በሚቀጥለው እሳት ላይ አያስጥልህም። እኛ አሁን ቦታውን ሳንለቅ፣ መኪና ላይ ከመውጣታችን በፊት፣ አንዱ ሌላውን በቀጭን ውሃ ከላይ ወደ ታች ያጥበዋል፤ ቦቱ በፌስታል ታስሮ ከኋላ ይጫናል እንጂ ከእኛ ጋር ከፊት አይገባም። ጣቢያ ስንደርስ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ደክሞህ ሳለ ሰባት ደቂቃ ረጅም ነው፤ አውቃለሁ።

ጣና_ዳር_አምቡላንስ | ሐሙስ ማታ 3:10

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ እርስዎ የጻፉትን በእጄ ገልብጬ መኪናችን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ የጎማ ቦቲዬ የተበሳ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው።

ሲስተር_ዘጌ | ሐሙስ ማታ 3:35

ውስጡ ደረቅ ሶፍት አንጥፍ፤ እስከ ጣት፣ እስከ ተረከዝ። ከዚያ ቦቲውን እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አቁምና እንዳይንሳፈፍ በእጅህ ያዘው። ሩብ ሰዓት ቆይተህ ሶፍቱን አውጣ። የረጠበው ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። በወር አንድ ጊዜ አድርገው። ናፍጣ ከነካው ደግሞ ወዲያው በሳሙና አንሳለት፤ ናፍጣ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ይቀደዳል።

ጣና_ዳር_አምቡላንስ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት 9:20

እንደተመለስኩ ላሳውቃችሁ። አለቃችንን አነጋገርኩት፤ ባጀት የለም አለ፣ ቦታ ግን ሰጠን። ከመኪና ማጠቢያው ጎን ሦስታችን ሆነን የባሕር ዛፍ ወራጅ ገዝተን ስምንት እንጨት ተከልን፤ ቦቲ እየተገለበጠ የሚሰካበት። ከላዩ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ጥላ ሆኖታል። ሁለት ባልዲ አለ፤ ሰማያዊው ሳሙና፣ ቀዩ በረኪና፤ ከቀዩ ጋር ባለ አንድ ሊትሩ ሃይላንድ በገመድ ታስሯል። ውሃው የሚወርድበትን በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ከቦዩ ርቀን ቆፈርን። ብሩሽና ጓንት በየወሩ ከኪሳችን እናዋጣለን፤ ይህ ግን ከእኛ ኪስ መሆን አልነበረበትም፤ ይህንንም በጽሑፍ አቅርበናል።

ወደ ቤት የምሄደው በሰንደል ነው። ልጄ አሁን ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ በሩን ስከፍት ቀጥታ ወደ እግሬ ነው የምትመጣው።

የሲስተርን የሶፍት ፍተሻ አደረግሁ። ቀኙ ደረቅ ነው፤ ግራው ተረከዙ ጋ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ርሷል። ጋሼ ጫማ ሰፊው፣ ነገ ላምጣልዎት? በማስቲሽ ይያዛል?

የሽምብጥ_ጫማ_ሰፊ | እሑድ ማታ 12:40

ልጄ፣ ልለጥፍልህ እችላለሁ፤ ግን ለጓሮ ሥራ ካልሆነ አልለጥፍልህም። ተረከዝ በየእርምጃው ይታጠፋል፣ ማስቲሹ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ ሲለቅ ደግሞ አያስታውቅህም። ነገ ና፣ ቁጥርህን ልለካና አዲስ ቦቲ ገበያው ውስጥ አብረን እንፈልጋለን።